የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራ ፈላጊዎች ስለ ማመልከቻ ደብዳቤ ደጋግመው የሚጠይቁትን ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ሲቪዬ ሁሉንም ይዟል። ደብዳቤ ደግሞ ለምን ያስፈልጋል?

ሲቪ የተማራችሁትንና የሠራችሁትን በሙሉ ይዘረዝራል። ደብዳቤው ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚጠቅመው የቱ እንደሆነ ለይቶ ያወጣል። የማመልከቻ ክምር ፊቱ ተቆልሎ የሚያጣራ የሰው ኃይል ባለሙያ መጀመሪያ የሚፈልገው ማስታወቂያው ላይ የወጣው መስፈርት መሟላቱን ነው። ደብዳቤያችሁ ይህን ቶሎ ካሳየው ሲቪውን በፍላጎት ይከፍታል፤ ፍለጋውን ለእሱ ከተዋችሁት ግን ሳያገኘው ሊያልፍ ይችላል።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ማመልከቻና ለግል ድርጅት ወይም ለኤንጂኦ የሚላክ ካቨር ሌተር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ለአንዱ የሚሆነውን ለሌላው ማስገባት ብዙ ሰው ይጎዳል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቶት ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ሰነድ ነው። ምርጫው የሚካሄደው በትምህርት ማስረጃ፣ በሥራ ልምድና በፈተና ነጥብ ስለሆነ ደብዳቤው የማሳመን ሥራ ብዙም የለበትም። የማስታወቂያውን ቁጥር ወይም የወጣበትን ቀን፣ የመደቡን መጠሪያና ደረጃ፣ ትምህርታችሁን፣ የልምድ ዘመናችሁን፣ ያያያዛችሁትን ማስረጃ ብዛት በገጽ ጻፉ። ግማሽ ገጽ ይበቃዋል።

በግል ድርጅት፣ በሆቴል ወይም በኤንጂኦ ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ብዙ ጊዜ አብራችሁት የምትሠሩት ኃላፊ ነው። እሱ የሚጠይቀው «ይህ ሰው መጥቶ ሥራዬን ያቃልልልኛል ወይ?» ብሎ ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ለዚህኛው ዓይነት ደብዳቤ ነው።

ርዝመቱ ስንት ይሁን?

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሦስት ወይም አራት አንቀጽ በቂ ነው። ሁለተኛ ገጽ የገባ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ሲቪውን እየደገመ ነው።

በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ?

ማስታወቂያው በወጣበት ቋንቋ ጻፉ። ኤንጂኦዎች፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና ብዙ የግል ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን በእንግሊዝኛ ስለሚያወጡ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ይሁን። በአማርኛ ለወጣ ማስታወቂያ «እንግሊዝኛ የተሻለ ያስከብራል» ብሎ በእንግሊዝኛ መጻፍ አያስፈልግም። በክልል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ይቀድማል፤ ኦሮሚያ ውስጥ አፋን ኦሮሞ፣ ትግራይ ውስጥ ትግርኛ።

እንግሊዝኛችሁ ያን ያህል ካልሆነ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙ። ከኢንተርኔት የተቀዳ ረጅምና ያማረ አንቀጽ ቃለ መጠይቁ ላይ ከምትናገሩት ጋር አይገናኝም፤ ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ሌላውም የጻፋችሁት ነው።

ቅርጹ እንዴት ነው? ለማን ብዬ ልጻፍ?

በአማርኛ ደብዳቤ ቀኑ ከላይ በስተቀኝ ይጻፋል። በስተግራ «ለ» ብላችሁ የድርጅቱንና የክፍሉን ስም፣ ከሥሩ ከተማውን ታሰፍራላችሁ። ቀጥሎ መሃል ላይ «ጉዳዩ፦» ይመጣል፣ ከዚያ ዋናው ሐሳብ፣ መጨረሻ ላይ «ከሠላምታ ጋር» ብላችሁ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ፊርማና ስልክ። ጉዳዩ ላይ «ሥራ መጠየቅን ይመለከታል» ከማለት «ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ማመልከትን ይመለከታል» ማለት ይሻላል፤ በአንድ ቀን ለአምስት መደብ ማመልከቻ የሚቀበል ጸሐፊ ደብዳቤያችሁን ወደ ትክክለኛው ፋይል የሚያስገባው በዚህ መስመር ነው።

የኃላፊውን ስም ካላወቃችሁ «ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል» በቂ ነው። ስሙን ብታውቁም ጾታውን በግምት አትጻፉ። ደስታ፣ ፍቅር፣ ግርማዊት እያልን ስንሄድ የመጨረሻው ብቻ ነው በእርግጠኝነት የሚታወቀው። ድርጅቱ ስልክ ካለው ደውላችሁ «ደብዳቤውን ለማን ብዬ ላድርገው?» ማለት ነውር የለውም።

«ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብዬ ልጀምር?

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ማንም አይወቅሳችሁም፤ የቢሮ ቋንቋ ነው። ለግል ድርጅት ግን የመጀመሪያውን መስመር ያባክንባችኋል። ይህን ተመልከቱ፦ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ድርጅታችሁ ባወጣው የሥራ ማስታወቂያ ላይ ተወዳድሬ ለመሥራት ፍላጎት ያለኝ በመሆኑ ይህንን ማመልከቻ ሳቀርብ በታላቅ ትህትና ነው።» አንባቢው እዚህ ድረስ መጥቶ ስለ አመልካቹ ያወቀው አንዳች ነገር የለም። መደቡንም፣ ትምህርቱንም፣ ልምዱንም አልሰማም።

አሁን ይህን፦ «መስከረም 12 ቀን ላወጣችሁት የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ አመለክታለሁ። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ላለፉት ሁለት ዓመታት በአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ወርኃዊ ሒሳብ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው።» ትህትናው አልጎደለም፤ ማስታወቂያው ከጠየቃቸው ነገሮች ግን ሦስቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተመልሰዋል።

መካከለኛው አንቀጽ ላይ ምን ልጻፍ? እዚያ ስደርስ ቃል ያልቅብኛል።

ቃል የሚያልቀው ስለ ራሳችሁ በጥቅሉ ለመጻፍ ስለምትሞክሩ ነው። ማስታወቂያውን አትሙት ወይም በእጃችሁ ገልብጡት፤ እያንዳንዱን መስፈርት አስምሩበት፤ ከጎኑ «ይህን መቼ፣ የት፣ እንዴት አድርጌዋለሁ?» የሚለውን መልስ ጻፉ። መልስ ያላገኛችሁለትን ተዉት። ከቀሩት ውስጥ ለሥራው ዋና የሆኑትን ሁለት ወይም ሦስት ምረጡ። መካከለኛው አንቀጽ እነሱ ናቸው። ከላይ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ለምሳሌ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ከሦስት ሱቆች የሚመጣውን የዕለት ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተሩ የዜድ ሪፖርት ጋር አመሳክሬ እመዘግባለሁ። የሠራተኞችን ደመወዝ፣ የሥራ ግብርና ጡረታ አሰላለሁ፤ የተጨማሪ እሴት ታክስና የዊዝሆልዲንግ ማሳወቂያ በየወሩ የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። ሥራውን ስረከብ የባንክ ማስታረቂያ ለወራት ሳይሠራ ተከማችቶ ነበር። ውዝፉን አጥርቼ አሁን የእያንዳንዱ ወር ሒሳብ በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ ሳምንት ይዘጋል።»

እዚህ ውስጥ «ታታሪ»፣ «ታማኝ»፣ «በጫና ውስጥ መሥራት የምችል» የሚል ቃል የለም። ሁሉም አመልካች ራሱን ታታሪ ነኝ ስለሚል ቃሉ ማንንም ከማንም አይለይም። የወራት ውዝፍ ማጥራቱን ያነበበ ኃላፊ ግን ታታሪነቱን ራሱ ይደርስበታል። በተለይ ስትረከቡት እንዴት እንደነበረና አሁን እንዴት እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ዓረፍተ ነገር ካላችሁ አትተዉት፤ ማመልከቻ ሳነብ ቆም የሚያደርገኝ እንዲህ ያለው ነው።

ቁጥር ካላችሁ ጻፉ፤ ስንት ደንበኛ፣ ስንት ተማሪ፣ ስንት ተሽከርካሪ። የማታረጋግጡትን ግን አትጻፉ። «ሽያጩን በ40 በመቶ አሳደግሁ» ያለ ሰው ቃለ መጠይቁ ላይ «ከስንት ወደ ስንት?» ሲባል መልስ ሊኖረው ይገባል።

ዜሮ ዓመት ነኝ። ገና ነው የተመረቅሁት፤ ምን አለኝ ብዬ ልጻፍ?

ኢንተርንሺፕ አላችሁ፣ የመመረቂያ ሥራ አላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ የቤተሰብ ሱቅ አስተዳድራችኋል ወይም በክረምት ልጆች አስጠንታችኋል። ችግሩ በጥቅሉ መጥቀሳችሁ ነው። «በኢንተርንሺፕ ብዙ ልምድ ቀስሜአለሁ» የሚለው ምንም አይናገርም። አንዲት የሲቪል ኢንጂነሪንግ ምሩቅ «በአንድ ጂ ፕላስ 7 ሕንፃ ሳይት ላይ የኮለንና የቢም ፌሮ ከድሮዊንጉ ጋር እየተመሳከረ መታሰሩን ከፎርማኑ ጋር አረጋግጥ ነበር፤ ቴክኦፍ (የሥራ መጠን ስሌት) ሠርቼ ለሳይት ኢንጂነሩ አቀርብ ነበር» ብትል ግን አሠሪው ሳይት ላይ ምን እንደምታውቅ ወዲያው ይገባዋል።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ስለሆነ ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ ጥቀሱት። ከቴክኒክና ሙያ የወጣችሁ ደግሞ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ደረጃችሁን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አድርጉት። «ልምድ ባይኖረኝም» ብላችሁ ግን አትጀምሩ። ማስታወቂያው ዜሮ ዓመት ካለ እንደሌላችሁ ያውቃል፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም።

አንድ ደብዳቤ አዘጋጅቼ ለሁሉም ብልክስ?

መነሻ የሚሆን አንድ ደብዳቤ ይኑራችሁ፤ ነገር ግን በየጊዜው የድርጅቱን ስም፣ የመደቡን መጠሪያና መካከለኛውን አንቀጽ ቀይሩ። ለአንድ ባንክ የተጻፈ ደብዳቤ ላይ የሌላ ባንክ ስም ሳይቀየር መምጣቱ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ማንም ጨርሶ አያነበውም። ከመላካችሁ በፊት ስሙንና ቀኑን ብቻ የሚያይላችሁ ሰው ብታገኙ መልካም ነው።

በኢሜይልና በቴሌግራም ሲላክ ምን ይለወጣል?

በኢሜይል ስትልኩ ርዕሱ ላይ የመደቡን መጠሪያና ሙሉ ስማችሁን ጻፉ። ማስታወቂያው በዚህ መልክ ላኩ ካለ እንዳለው አድርጉ። ደብዳቤውንና ሲቪውን በፒዲኤፍ አያይዙ፤ በዎርድ የተላከ አማርኛ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ተበላሽቶ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ሊከፈት ይችላል። የፋይሉ ስም «ሲቪ የመጨረሻ 3» አይሁን፤ ስማችሁና መደቡ ይሁን። የኢሜይሉን ባዶ ቦታ ባዶ አትተዉት፤ ሦስት መስመር ጻፉበት። ማስረጃ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ከሆነ የምትልኩት ጥላ የሌለበት፣ ቀጥ ያለ፣ ሁሉም በአንድ ፋይል የተጠረዘ ይሁን።

በቴሌግራም ቻናሎችና ቦቶች በኩል የሚወጡ ሥራዎች ላይ ደብዳቤ ማስገቢያው ብዙ ጊዜ አጭር ሳጥን ነው። እዚያ መግቢያውን ትታችሁ ጠንካራውን ማስረጃችሁን በሦስት በአራት ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። «ለፎርም»፣ «ለምዝገባ»፣ «ለሥልጠና» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ካያችሁ ደብዳቤም መታወቂያም አትላኩ።

ችግሬን ብጽፍ ያዝኑልኛል ወይ? የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ፤ ሥራ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ይደርሱኛል፤ ሳነባቸው ከልቤ አዝናለሁ። ችግሩ እውነት ነው፤ ጻፊውም አይዋሽም። ነገር ግን አጣሪው በእዝነት ነጥብ መስጠት አይችልም፤ ፊቱ ያለው ቅጽ ትምህርት፣ ልምድና ችሎታ ይላል እንጂ ችግር የሚል ሳጥን የለውም። ለችግራችሁ የሰጣችሁት አንቀጽ ችሎታችሁን ልታሳዩበት ትችሉ ከነበረው ቦታ ላይ የተቀነሰ ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። ሥራውን በጣም እንደምትፈልጉ የገባው አሠሪ ደመወዝ ላይ ሲደራደር ይጠቀምበታል። ትህትና ይኑራችሁ፣ ልመና ግን አይሁን። «እንዲታይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» በቂ ነው።

ጂፒኤዬ ዝቅ ያለ ነው፤ ልጥቀሰው?

ማስታወቂያው ካልጠየቀ አትጥቀሱት። ትራንስክሪፕቱ ተያይዞ ስለሚሄድ መደበቅ አይባልም። ዝቅተኛ ነጥብ ተቀምጦ ከሆነና ካላሟላችሁ ግን በደብዳቤ አይስተካከልም፤ ጊዜያችሁን ለሌላ ማስታወቂያ አውሉት።

ልምዴ ከተጠየቀው ያንሳል። ላመልክት?

መንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ አራት ዓመት ከተባለ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር አያልፍም፤ ቁጥሩ ቁጥር ነው። ከዚህም በላይ ከግል ድርጅት ያገኛችሁት ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ስትቆጥሩ ወረቀት ያላችሁበትን ብቻ ቁጠሩ። የቀድሞ አሠሪያችሁ የልምድ ማስረጃ አልሰጥም ካለ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጎናችሁ ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው።

የግል ድርጅት ላይ ነገሩ ይላላል። ትንሽ ጎድሏችሁ ሥራውን በትክክል የምታውቁት ከሆነ አመልክቱ፤ ጉድለቱን ግን ሳትደብቁ በአንድ መስመር አንሱት፦ «የጠየቃችሁት ሦስት ዓመት ነው፤ እኔ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን መጋዘኑን ከርክክብ እስከ ዓመታዊ ቆጠራ ብቻዬን ይዤ ቆይቻለሁ።» ሦስት ጠይቀው ዜሮ ይዞ ማመልከት ግን የሁለቱንም ጊዜ መፍጀት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን በየትኛው አቆጣጠር ልጻፍ? ስሜስ ዲግሪዬና ፋይዳዬ ላይ የተለያየ ፊደል ቢሆን?

በአንድ ደብዳቤና ሲቪ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ይኑር። በአማርኛ ከሆነ የእኛን፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ የፈረንጆቹን ተጠቀሙ። ስታዛውሩ ሁልጊዜ 8 አትደምሩ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው። ኅዳር 2014 በፈረንጆቹ 2021 ሲሆን፣ የካቲት 2014 ግን 2022 ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሲቪው ላይ የአንድ ዓመት ክፍተት ወይም በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የሠራ የሚያስመስል መደራረብ ይፈጥራል፤ አጣሪው ደግሞ ውሸት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ደብዳቤው ላይ 2014፣ የልምድ ወረቀቱ ላይ 2022 ቢገኝም ጣጣው ያው ነው። ወረቀቱን መቀየር ካልቻላችሁ ደብዳቤው ላይ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁ ግለጹ።

ለስሙ ደግሞ ዲግሪው ላይ ያለውን አጻጻፍ ተከተሉ፤ መታወቂያው የሚለያይ ከሆነ ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ለማስረዳት ተዘጋጁ። የስም ጉዳይን ደብዳቤው ውስጥ ማብራራት አያስፈልግም።

የምትፈልገውን ደመወዝ ጥቀስ ይላል። ምን ልበል?

ካልጠየቁ በፍጹም አትጻፉ። ከጠየቁ ግን ዝም ማለትም «በድርጅቱ ስኬል» ብሎ ማለፍም መመሪያ አለመከተል ሊመስል ይችላል፤ ከዚህ እስከዚህ ብላችሁ ጻፉ። ያልተጣራ መሆኑን ወይም የተጣራ መሆኑን መግለጽ አትርሱ። እኛ ሰፈር ውስጥ ስንጠያየቅ የምንናገረው እጃችን ላይ የሚደርሰውን ነው፤ ድርጅቱ የሚያስበው ግን የሥራ ግብርና የ7 በመቶ የሠራተኛ ጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ ነው። የተጣራውን አስባችሁ ሳትገልጹ ከጻፋችሁት የሚቀጥሯችሁ ከጠበቃችሁት በታች ነው።

የሚሠሩ ሰዎች መቼ መጀመር እንደሚችሉም እዚሁ ያካትቱ። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እጀምራለሁ» የሚል ሰው የአሁኑን አሠሪውን ጥሎ እንደሚወጣ እየተናገረ ነው።

ዓረብ አገር ቆይቼ ነው የተመለስኩት። በሲቪዬ ላይ ያለውን ክፍተት እንዴት ላስረዳ?

ክፍተት አይደለም፤ ሠርታችኋል። ብዙ እህቶች ሪያድ ወይም ቤይሩት የቆዩበትን ጊዜ እንደሚያሳፍር ነገር ከደብዳቤው ያወጡታልና አሠሪው አምስት ዓመት የት እንደነበሩ ይጨነቃል። በግልጽ ጻፉት፦ «ከ2009 እስከ 2014 ዓ.ም. ሪያድ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ሠርቻለሁ። ዓረብኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ፤ የቤቱን አስቤዛና የሳምንት ወጪ የምይዘው እኔ ነበርኩ።» ለሆቴል እንግዳ ተቀባይነት፣ ለጉዞ ወኪል፣ ለሕፃናት ማቆያ እነዚህ ተፈላጊ ችሎታዎች ናቸው። የደረሰባችሁን መከራ መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ ለማን እንደምትነግሩት የመምረጥ መብቱ የእናንተ ነው።

በልጅ ማሳደግ፣ በሕመም፣ በጦርነት ምክንያት ከሥራ የራቀ ሰውም አንድ መስመር ይበቃዋል፦ «ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት በቤተሰብ ምክንያት ሥራ ላይ አልነበርኩም፤ አሁን ሙሉ ጊዜዬን ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።» ከዚያ ወደ ችሎታችሁ ተመለሱ።

አካል ጉዳተኛ ነኝ። በደብዳቤው ልግለጽ?

ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ግዴታ የለባችሁም። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ብቃት ያለውን ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከውድድር ማግለልን ይከለክላል፤ አሠሪው የሥራ አካባቢውን እንዲያመቻችም ያስገድዳል። ብትገልጹ የሚጠቅማችሁ በሁለት ሁኔታ ነው። ማስታወቂያው አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ የሚያበረታታ ከሆነ፣ ወይም ፈተናውን ለመውሰድ የሚመቻችላችሁ ነገር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ።

በሁለተኛው ሁኔታ መጻፊያ ቦታው መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው፣ የምትጠይቁትንም በትክክል ንገሯቸው፦ «ማየት ስለማልችል የጽሑፍ ፈተናውን በስክሪን ሪደር ወይም በአንባቢ ረዳት እንድፈተን እንዲመቻችልኝ እጠይቃለሁ። ኮምፒውተር በስክሪን ሪደር በየዕለቱ እጠቀማለሁ።» የመጀመሪያው አንቀጽ እንደማንኛውም አመልካች የሙያችሁ ይሁን።

በቻት ጂፒቲ ባጽፈው ይታወቅብኛል?

ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ለአንድ መደብ ከመጡ ደብዳቤዎች ውስጥ ብዙዎቹ ተመሳሳይ ያማረ እንግሊዝኛ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም «በጉጉት» ያመለክታሉ፤ የማንም ሥራ ግን ውስጣቸው የለም። የድርጅቱ ስም መግባት ባለበት ቦታ «የኩባንያው ስም» የሚለው ቅንፍ እንዳለ የቀረበትም አይጠፋም። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ሰው በማይናገርበት አማርኛ ነው የሚጽፈው።

መሣሪያውን መጠቀም ነውር ነው አልልም፤ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ሰው ትልቅ እገዛ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አስተካክሉ። መጀመሪያ በራሳችሁ ቋንቋ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ የሠራችሁትን ጻፉ፤ ከዚያ ሰዋስውን እንዲያርምላችሁ አድርጉ። ያልሠራችሁትን የጨመረላችሁን ሁሉ አውጡ፤ እየጨመረ ነው የሚጽፈው። በመጨረሻ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት። አፋችሁ ላይ የሚያስቸግር ቃል ካለ በምታውቁት ተኩት።

ሥራ የሚገኘው በሰው ነው ይባላል። ሰው ከሌለኝ ደብዳቤ ማሳመር ምን ይጠቅመኛል?

በሰው የሚገኝ ሥራ የለም አልላችሁም፤ አለ፤ ያማል። ለአንድ ሰው ተብሎ በልኩ በተሰፋ ማስታወቂያ ላይ የትኛውም ደብዳቤ አይረዳም፣ ያንንም ከውጭ ሆናችሁ ልታውቁት አትችሉም። ግን ሠራተኛ በእውነት የቸገረው ድርጅትም ብዙ ነው። ሒሳቡ የተወዘፈበት፣ ሳይቱ የዘገየበት፣ እንግዳ ተቀባይ የለቀቀችበት። እንዲህ ያለ አሠሪ የሚሠራለት ሰው ነው የሚፈልገው፤ ደብዳቤያችሁን የምትጽፉት ለእሱ ነው።

«ሰው» የሚባለው ደግሞ ሁልጊዜ ባለሥልጣን ዘመድ አይደለም። አብሯችሁ የተማረ፣ ኢንተርንሺፕ ላይ ያሠራችሁ ፎርማን፣ ቀድሞ የለቀቀ ባልደረባ እዚያ ድርጅት ውስጥ ካለ ደውሉለት። አስቀጥረኝ አትበሉት፤ ክፍሉ አሁን ምን ሥራ እንደበዛበትና ማስታወቂያው ለምን እንደወጣ ጠይቁት። ያገኛችሁት መልስ መካከለኛው አንቀጽ ላይ የትኛውን ሥራችሁን ማስቀደም እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ስሙን ደብዳቤው ውስጥ የምትጠቅሱት እሱ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ሲፈቅድም ከቀን፣ ከቦታና አብራችሁ ከሠራችሁት ሥራ ጋር ጻፉት።